«አሳርፍ» ለማለት የዘገዩት የሃምሳ አለቃ ኤውፍሮኒዮ ጋሪንጋላው የሕይወት ታሪክ

ሃምሳ አለቃ ኤውፍሮኒዮ ጋሪንጋላው ከአባታቸው ከሲክስቶ ጋሪንጋላው፣ ከእናታቸው ከቪሴንታ ጌልቬሶን፣ በኢሎኢሎ ክፍለ ሀገር በባሕሩ ዳር ባለችው በካማንሲ መንደር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 ቀን 1951 ተወለዱ። ትምህርት ቤቱ በኮምፒውተር አስጽፎ በላከልን የሕይወት ታሪክ ላይ፣ ሲወለዱ እግራቸው ቀድሞ ስለ ወጣ አዋላጇ «ይሄ ልጅ ወታደር ይሆናል» ብላ ተንብያለች ይላል። ውሸት ነው። የወጡት በጭንቅላታቸው ነው። አዋላጇም ያለችው «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ፣ ሙቅ ውሃ አምጡ!» ነበር። ውሃውን ያመጣችው ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረችው ታላቅ እህታቸው ፔርፔቱዋ ናት፤ በጆሮዋ ሰምታለች። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ምድጃ ገብቷል። ዛሬ የሚነበበው ይህ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላይ አንቱ የሚባሉት ሟችና ወላጆቻቸው ብቻ ናቸው። የሞተ ሰው አንቱ ይባላል፣ ልማድ ነው፤ በሕይወት ሳሉ ግን ያሳደገቻቸው እህታቸው «አንተ» እያለች ነው የኖረችው። ሌላው ሰው ቢሾምም ቢሸለምም እዚህ ወረቀት ላይ አንቱታ አያገኝም። ቅር ያለው ከተቀበሩ በኋላ መጥቶ ይናገር፤ ቤታችንን ያውቀዋል።

አባታቸው በ1956 ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው በዚያው ቀሩ። እናታቸው ከዚያ በኋላ ከተነሡበት ቀን የተኙበት ይበልጥ ነበር። ፔርፔቱዋ አንደኛ ክፍልን ሦስት ወር ተምራ፣ ወንድሟ ሲወለድ ልታዝለው ወጥታ አልተመለሰችም። አባት ከቀሩ በኋላ ደግሞ ሩዝ በኮኮናት ወተት እያበሰለች፣ በለጋ የኮኮናት ቅጠል እየጠቀለለች፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ኢቦስ መሸጥ ጀመረች። ሟች የተማሩት በዚያ ቅጠል ነው። ይህን ሳይክዱ ነው የሞቱት፤ ሌላ ብዙ ነገር ግን ክደው ነበር፣ ወደ እሱ እንመጣለን።

በ1958 አንደኛ ደረጃ ገብተው በ1968 ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። በመጨረሻው ዓመት እንደ ማንኛውም ተማሪ አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ የካዴት ሥልጠና ወሰዱ። የእንጨት ጠመንጃ የያዙት ያኔ ነው። ጫማው የተውሶ ነበር፣ ሁለት ቁጥር ይሰፋቸዋል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀው ፊት እስኪያሳይ ይወለውሉት ነበር። ቤት ውስጥ የሚጠጣ ውሃ ሳይቀዳ የቀበቶ ዘለበት ሲወለውል የሚውል ወንድ አይተው የማያውቁ ጎረቤቶች እየመጡ ያዩ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ዘለበቱን ቀቅለን እንብላው?» ትላቸው ነበር እህታቸው።

«እትዬ፣ አንቺ ሥርዓት አይገባሽም።»

ሥርዓት የሚባለውን ቃል ቤታችን ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ብዙ ጣጣ ተከትሎት ገባ።

በ1970 ጦሩን ተቀላቅለው በሚንዳናኦ ደሴት አሥራ ሦስት ዓመት አገለገሉ። የትምህርት ቤቱ ወረቀት «በጀግንነት» ብሎ ጨምሮበት ነበር። እዚያ ምን እንዳደረጉ ለሚስታቸውም ለእህታቸውም ተናግረው አያውቁም፤ ስለዚህ ጀግንነት ይሁን ሌላ የሚያውቅ ሰው እዚህ መሃል የለም። ይዘውት የመጡት የሃምሳ አለቅነት ማዕረግና የማይሰማ ግራ ጆሮ ነው። ከዚያ በኋላ መስማት የማይፈልጉትን ሰው በግራቸው በኩል ያስቀምጡት ነበር። እህታቸው ዓመታት በግራ ተቀምጣለች።

በ1979 ለዕረፍት በመጡበት ኔኒታ ኤስፓራጎሳን አግብተው ወንድ ልጃቸውን ጆበርትንና ሴት ልጃቸውን ማሪቪክን ወለዱ። ኔኒታ ዛሬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አርባ ዓመት ሙሉ ሸሚዛቸውን በስታርች ስትተኩስ ኖራለች፤ ይህን የትምህርት ቤቱ ወረቀት አላነሣውም።

በ1984 የመንደራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የካዴት አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠራቸው። እውነቱ ይነገር፣ ሥራውን ያውቁበት ነበር። ልጅ አይመቱም። በሌላ ቦታ የካዴት መኮንን ሊሆን የሚገባ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት በጠፍጣፋ እንጨት ቂጡ እስኪያብጥ ይገረፋል፣ ወግ ነው ይሉታል። ሟች አንዱ ትልቅ ልጅ ትንሹን ሲገርፍ ደርሰውበት፣ ጠመንጃውን ነጥቀው፣ አንድ ወር ሙሉ የሽንት ቤት መጥረጊያ አስይዘው አሰልፈውታል። ልጁ ዛሬ የጥርስ ሐኪም ነው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይገኛል፣ ይሰማል። በየመስመሩ ጫፍ ባልዲ ውሃ ያስቀምጣሉ። ከሩብ ሰዓት በላይ ተጠንቀቅ አያስቆሙም። ራሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው ከልጆቹ ጋር እኩል ፀሐዩን ይቀበላሉ።

«ጉልበትህን አትቆልፈው! በር ነህ እንዴ?» ይሉ ነበር እየዞሩ። ጉልበቱን ገትሮ የቆመ ልጅ ደሙ ከእግሩ ስለማይመለስ ይወድቃል፤ ይህንን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ በር ብንሆንማ ጥላ ሥር ነበርን» አለቻቸው አንድ ቀን ጄማሪ ናላዮግ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሟችም ሳቁ፤ ከዚያ «አሥር ጊዜ ሜዳውን ዙሪ» አሏት። ዞራ መጥታ «ሃምሳ አለቃ፣ አሁንም በር አልሆንኩም» አለች። በዚያው የአንደኛው መቶ መሪ አደረጓት።

ጄማሪ የናቲቪዳድ ናላዮግ አንድ ልጅ ናት። ናቲቪዳድ ገበያ ውስጥ ሆዱን እየቀደደች ዓሣ የምትገነጥለዋ ናት፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ዓሣ ገንጣይ ጎህ ሳይቀድ ነው ከቤት የሚወጣው። ስለዚህ ጄማሪ ጠዋት ጠዋት የምትበላው ፔርፔቱዋ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

አሁን ወደ 1997 ደረስን። የትምህርት ቤቱ ወረቀት ከ1996 ወደ 1998 እንደ ፌንጣ ዘሎ ነበር። እኛ አንዘልም።

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ትልቁ ፍተሻ አለ። ካዴቱ በሙሉ በነጭ ጓንትና በቀይ መቀነት ይሰለፋል፤ ከላይ የተጋበዘ ባለሥልጣን በእንግድነት መጥቶ በመስመሮቹ መሃል ያልፋል፤ ነጥብ ይሰጣል፤ የክፍለ ሀገሩ አንደኛ ዋንጫ ይወስዳል። ሟች ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥተው ነበር። ያን ዓመት አንደኝነቱን እንደ ሕፃን ልጅ ተመኙት። ይህ ይሰመርበት፤ ሁሉንም በዚያን ጊዜዋ ርዕሰ መምህር ላይ አንጭነውም።

ቀኑ አርብ፣ ፌብሩዋሪ 21 ነበር። ልጆቹ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ተሰለፉ። እንግዳው በሰባት ተኩል ይደርሳል ተብሏል። ርዕሰ መምህሯ ከድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጣ «እንግዳው ሲገባ ሰልፉ ተበታትኖ እንዳያገኘው፤ ባልዲዎቹም ከሜዳው ይነሡ፣ ለፎቶ አያምሩም» አለች። ባልዲው ተነሣ። ሟች ያነሡት ራሳቸው ናቸው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አንድ ሰው በሞተር ብስክሌት መጥቶ «ድልድዩ ላይ ደርሷል» አለ። ተጠንቀቅ ተባለ። ስምንት ተኩል ላይ ሞተሩ ተመልሶ መጣ፣ «ድልድዩ ላይ ደርሷል።» ዘጠኝ ሰዓት ላይም እንደገና። ከካማንሲ እስከ ድልድዩ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። እንግዳው የነበረው ድልድዩ ማዶ የዶሮ ፍልሚያ ሜዳ ውስጥ ነው፤ ዶሮው አሸንፎለት ደስታውን በመጠጥ ያስታምም ነበር። ይህን ያየው የፔርፔቱዋ የአጎት ልጅ በሩ ላይ መኪና ይጠብቅ ነበር፤ የዶሮውን ቀለም ሳይቀር ይናገራል።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጄማሪ ናላዮግ ከመስመሩ ፊት ወደቀች።

በሰልፍ ደንብ ሰው ሲወድቅ ከኋላው ያለው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ቦታውን ይይዛል። ወደ ታች አይታይም። ሟች ይህን ደንብ ለአሥራ ሦስት ዓመት አስተምረውታል። ልጅቷ ስትወድቅ አፋቸው ላይ ሁለት ትእዛዝ ነበር። አንዱ «አሳርፍ» ነው። አንዱ «ክፍተቱን ዝጉ» ነው። የወጣው ሁለተኛው ነው።

ክፍተቱ ተዘጋ። ሁለት ልጆች እሷን ተሸክመው ወደ መማሪያ ክፍል አስገቧት፤ ሰልፉ ግን እንደቆመ ቀጠለ። እንግዳው አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ መጥቶ፣ በመስመሮቹ መሃል እየተንገዳገደ አልፎ፣ «ግሩም ነው፣ አንድም ሰው አልተነቃነቀም» አለ። ዋንጫውን ሰጠ። ዋንጫው ዛሬም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መስታወት ውስጥ አለ፤ ሄዳችሁ እዩት፣ ታጥቦ ያበራል።

ጄማሪ ሐኪም ቤት ስትደርስ ሰውነቷ ከመጋሉ የተነሣ በእጅ አይነካም ነበር። በማግስቱ ከቀትር በፊት ሞተች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ ትምህርት ቤቱ ወረቀት አወጣ። «ሠልጣኟ ከቤቷ ምንም ሳትበላ በመምጣቷና ይህንንም ለአሠልጣኟ ባለመግለጿ» ይላል። አምስት ፊርማ አለበት፤ አምስተኛው የሃምሳ አለቃ ኤውፍሮኒዮ ጋሪንጋላው ነው። ፔርፔቱዋ ወሬውን የሰማችው ከዓሣ ሻጮች ነው። ወንድሟ በማግስቱ ጠዋት በጠረጴዛዋ በኩል ሲያልፉ ጠራቻቸው።

«ፈረምክ?»

«ወረቀቱ ከላይ መጣ፣ ፈረምኩ።»

«ልጅቷ ምን በላች ይላል?»

«ምንም አልበላችም ነው የሚለው።»

«እዚችው ቆማ ሁለት ኢቦስ በላች! ከእጄ! ሦስተኛውን ምራቂ ሰጥቻት ኪሷ ከታ ነው የገባችው። ማንን ጠየቅህ?»

«እትዬ፣ አንቺን ማን ይጠይቅሻል? አንቺ እኮ ኢቦስ ሻጭ ነሽ።»

እህታቸው ከዚያ በኋላ ያደረገችው እዚህ አይጻፍም። ድስቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እጀታ የለውም። አሥራ አንድ ወር አላናገረቻቸውም። ቤታቸው በአጥር ብቻ ስለሚለይ አለመነጋገሩ ቀላል ሥራ አልነበረም፤ ኔኒታ በመሃል እየተመላለሰች «ጨው አላችሁ ወይ ይላል»፣ «የለንም በይው» ስትል ከረመች። አንድ ልጅ በፀሐይ ገድሎ፣ እናቲቱን ደግሞ በወረቀት የሚገድል ሰው፣ ያዘለው ጀርባ ራሱ ይጸየፈዋል። እህታቸው ይህን በሕይወት ሳሉ ነግራቸዋለች፤ ዛሬ ሲሞቱ ሐሳቧን አልቀየረችም። ቀብር ስለሆነ ብሎ የሰውን ክፉ ሥራ የሚያጣፍጥ ሰው ራሱ ክፉ ነው።

ሟች ግን ቀስ ብለው ገባቸው። ሲገባቸው ጨርሶ ገባቸው። በጁን ወር፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገብተው ፊርማዬን መልሱልኝ አሉ።

«ሃምሳ አለቃ» አለች ሴትየዋ እየሳቀች፣ «ፊርማ እኮ ጃንጥላ አይደለም፣ ረሳሁት ተብሎ ተመልሶ አይወሰድም።»

ፊሽካቸውንና የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠው ወጡ። «በገዛ ፈቃዳቸው ጡረታ ወጡ» የተባለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የዓሣ መረብ እየጠገኑ ኖሩ። ጫማ መወልወልም ተዉ። ከዚያ ቀን እስከ ሞቱበት ቀን የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ናቲቪዳድ ልጇ በልታ እንደነበረ እንድታምን። ሴትየዋ ጎህ ሳይቀድ ዓሣ ልገነጥል ሄጄ ልጄን ባዶ ሆዷን ሰደድኳት እያለች፣ በአደባባይ ብቻዋን እያወራች ትሄድ ጀምራ ነበርና።

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1998 በሰባት ሰዓት ሟች ባርኔጣቸውን አውልቀው ናቲቪዳድ አጥር በር ላይ ቆሙ። እስከ አሥር ሰዓት ከአርባ ድረስ ቆሙ። መጀመሪያ ማንም አልወጣም። ወደ መጨረሻው መስኮቱ ተከፈተ።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ልጅሽ በልታ ነበር። አሳርፍ ያላልኩት እኔ ነኝ። ስትወድቅ ክፍተቱን ዝጉ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«አልበላችም የሚል ፊርማህ አለ። የቱን ልመን፣ እጅህን ወይስ አፍህን?»

መስኮቱ ተዘጋ። በ1999 ተመልሰው ሄዱ። በ2000ም። አንድ ዓመት ዝናብ ነበር፣ ቆሙ። አንድ ዓመት የገዛ ልጃቸው የማሪቪክ ሠርግ ሆነ፣ የሠርጉን ምሳ ትተው ሄደው ቆሙ፤ ማሪቪክ እስካሁን አልረሳችውም። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ሃምሳ አለቃ፣ እንግዳው ድልድዩ ላይ ደርሷል!» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ሰልፈኛ አይመልስም።

አንድ ሰው «ታዲያ የበላችውን በዓይኗ ያየችው ፔርፔቱዋ የት ነበረች?» ቢል ጥያቄው ትክክል ነው። ፔርፔቱዋ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። ለሚገዛው ሁሉ ታወራ ነበር። ናቲቪዳድ ቤት ግን አልሄደችም፤ ሳይጠሯት የሰው ደጅ አትቆምም። ይህንን ኩራት ይሉታል። ስሙ እዚህ ላይ ይቀየር፤ ስንፍና ነው። እያንዳንዱ ዓመት በናቲቪዳድ ላይ ነው የተጨመረው።

በ2009 የሟች ጉልበት ከዳቸው። መቆም አልቻሉም፣ አልቀርምም አሉ። እህታቸው በርጩማ ይዛ ተከተለቻቸው። በርጩማው ላይ አልቀመጥም ብለው አጥሩን ይዘው ቆሙ፤ አንድ ሰዓት ያህል ከቆሙ በኋላ እግራቸው እንደ ሸምበቆ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያኔ ፔርፔቱዋ በቃት።

«ናቲቪዳድ! ውጪ! ይሄ ሽማግሌ ደጅሽ ላይ ሊሞት ነው፤ ከሞተ የምታነሺው አንቺ ነሽ፣ እኔ ወገቤን ያመኛል!»

በሩ ተከፈተ። ናቲቪዳድ የዓሣ ቢላዋዋን እንደያዘች ወጣች።

«ደግሞ አንቺ መጣሽ?»

«ልጅሽ በልታለች።»

«አትበይኝ!» ብላ ጮኸች። «አትበይኝ፣ ፔርፔቱዋ! ከሐኪም ቤት ልብሷን ሲሰጡኝ ኪሷ ውስጥ አገኘሁት። ኢቦሱን። አልፈታችውም። ቅጠሉ እንደታሰረ ነው። ለመብላት እንኳ ጊዜ አልሰጧትም፣ እኔም ምንም ሳልቀቅልላት ወጥቼ ነበር። ወረቀቱ እውነቱን ነው የተናገረው። በእጄ ይዤዋለሁ እኮ!»

ፔርፔቱዋ ወደ ደረጃው ተጠጋች።

«ስንት ነበር ኪሷ ውስጥ ያገኘሽው?»

«አንድ።»

«አንዱ ምራቂው ነው። ሁለቱን እኔ ፊት ቆማ በልታ ቅጠሉን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው፣ እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ ‹እዚህ አትጣይ፣ ባለጌ› ብዬ ሰድቤያታለሁ። ሦስተኛውን ስሰጣት ‹ጠገብኩ፣ ይሄን ለእማዬ እወስደዋለሁ› አለች። ላንቺ ነበር የያዘችው።»

ናቲቪዳድ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ቢላዋውን አጠገቧ አስቀመጠች። ሁለት ጊዜ «ሁለት?» አለች፣ ሁለት ጊዜም «ሁለት» ተባለች። ከዚያ ቀና ስትል ሟች አጥሩን ይዘው እንደተገተሩ ናቸው።

«አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ። ተቀመጥ።»

አልተቀመጡም። የሰሙትን ያላመኑ ይመስል ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እሷ መለሱ።

«ተቀመጥ አልኩህ!»

ያኔ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ያለቀሱበትን ያህል ጊዜ ማንም አልለካውም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 21 ሦስቱም ናቲቪዳድ ደረጃ ላይ ይቀመጡ ነበር። ይቅር አለቻቸው ወይ የሚል ይኖራል። አልጠየቅናትም፣ የእናንተም ጉዳይ አይደለም። ብቻዋን እያወራች መሄዷን ግን ትታለች።

በ2017 ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን በጂፕኒ ታክሲ ኢሎኢሎ ከተማ እየሄዱ ደማቸውን ሲያሳጥቡ ቆዩ። በነዚያ ሁለት ዓመታት አልጋቸው ላይ ሆነው እህታቸውን ፊደል አስቆጠሩ። በሰባ ሦስት ዓመቷ።

«እትዬ፣ እኔ ስሞት ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ይጽፈዋል። አንቺ ጻፊው።»

«ክፉውንም?»

«ከክፉው ጀምሪ።»

ከልደት ነው የሚጀመረው ስለተባለች ከልደት ጀመረች፤ ክፉው ግን እንዳያችሁት አልቀረም። ሲያስተምሩም ዱሮ ካዴት እንደሚያሠለጥኑት ነበር፤ አንድ ፊደል ስትስት «ጣቶችሽን አትቆልፊያቸው!» ይላሉ። እርሳሱን ሁለት ጊዜ ወርውራባቸዋለች።

ሃምሳ አለቃ ኤውፍሮኒዮ ማርች 3 ቀን 2019 እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ኔኒታ ፊታቸውን እያጠበቻቸው አረፉ።

በማግስቱ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ያንን በኮምፒውተር የተጻፈ ታሪክና አንድ የአበባ ጉንጉን ይዞ መጣ። መልካም ጠባይ ያለው ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን እሱ ራሱ ገና ተማሪ ነበር፣ ስለዚህ አልተሰደበም ማለት ይቻላል።

«እማማ፣ አርባ ካዴቶች በክብር ይቆማሉ። ክቡር እንግዳችንም መጥተው ንግግር ያደርጋሉ። እሳቸው እስኪደርሱ ብቻ አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን እንዳይወጣ እንለምናለን።»

«ማነው እንግዳው?»

ስሙን ነገራት። የዚያኛው እንግዳ ልጅ ነው፤ የአባቱን ወንበር ወርሷል።

«አባትየው እስኪመጣ ስንጠብቅ አንድ ልጅ ቀብረናል» አለችው ፔርፔቱዋ። «ልጁ እስኪመጣ ደግሞ ስንት ልንቀብር ነው?»

ካዴቶቹ ግን ይምጡ ተባለ፤ ልጆች ምን አደረጉ።

ስለዚህ የዛሬው አካሄድ እንደሚከተለው ነው፤ ለማንም አይለወጥም። አስከሬኑ በስምንት ሰዓት ይወጣል። ድልድዩ ላይ ደርሷል ቢባልም ይወጣል። ንግግር የለም። ዋንጫውን ይዞ ለመምጣት ያሰበ ካለ እዚያው መስታወቱ ውስጥ ይተወው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በየመስመሩ ጫፍ ባልዲ ውሃ ተቀምጧል፤ ለፎቶ ባያምርም አይነሣም። በቅርጫቱ ያለው ኢቦስ የካዴቶቹ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ አንድ ምራቂ። ቅጠሉን መሬት ላይ የሚጥል ከፔርፔቱዋ ጋር ይገናኛል።

ሃምሳ አለቃ ኤውፍሮኒዮ ባለቤታቸውን ኔኒታን፣ ልጆቻቸውን ጆበርትንና ማሪቪክን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ እህታቸውን ፔርፔቱዋን፣ እንዲሁም በአሥራ ሦስት ዓመት ያሠለጠኗቸውን ቁጥራቸውን የማናውቃቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል። ከእነዚያ ልጆች መሃል በ1997 ክፍተቱን የዘጋው ልጅ ይገኝበታል። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ ከሬሳ ሣጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ነው። ወደ ታች አላየሁም ብሎ ሃያ ሁለት ዓመት እንቅልፍ አጥቷል። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም፣ የሳቸው ነበር፤ ይህንን እንዲነገርህ አዘው ነው የሞቱት።

አሁን አንባቢው ንባቡን ያቁም። ናቲቪዳድ ናላዮግ ከወንበሯ ትነሣና ወደ ደጃፉ ትሄዳለች። ፀሐይ ላይ ለቆሙት ልጆች «አሳርፍ» የምትለው እሷ ናት፤ ሟች ለአንድ ሰው ይሰጥ ብለው የተናዘዙት ብቸኛ ነገር ይኸው ትእዛዝ ነው። የመጨረሻው ልጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ እስኪጠጣ ድረስ አንባቢው አይቀጥል። ደጃፉን እያየ ይጠብቅ። ሁላችንም እንጠብቃለን፤ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ጠብቀን የለም ወይ።

ሁሉም ተቀምጠዋል? እንግዲያው ይነበብ።

የሰማይ አምላክ የሃምሳ አለቃ ኤውፍሮኒዮ ጋሪንጋላውን ነፍስ ይቀበል። ጥፋታቸውን ያውቃል፣ እኛም አልደበቅንም። ጄማሪ ባለችበት ጥላ ሥር ቦታ ይስጣቸው፤ ደጁ ላይም ብዙ አያቁማቸው።